የጎማ ጭንብል ውስጡን በምን ልሙላው? ፊቱ እየተጨማደደ አስቸገረኝ

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 6
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ እኔና እህቴ የምንሠራባት ትንሽ ቡና ቤት አለች። ዘንድሮ ጥቅምት 21 ማታ ለውጭ አገር እንግዶችና ለተማሪዎች የሃሎዊን ምሽት ልናዘጋጅ አስበናል። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሦስት የጎማ ጭንብል ይዛልን መጣች። አንዷ አሮጊት ጠንቋይ ናት፣ አንዱ ተኩላ፣ ሦስተኛው የራስ ቅል። ሰው እንዲያጠልቃቸው አይደለም። አካል ሠርተንላቸው ደረጃው ላይ ልናቆማቸው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ታጥፈው ስለመጡ አፍንጫቸው ተጨፍልቋል። ዱላ ላይ ስሰቅላቸው ፊታቸው ወደ ውስጥ ይገባል። የጠንቋይዋ አገጭ አንገቷ ላይ ይወድቃል። ጋዜጣ ጨምድጄ ከተትኩበት፤ ጉንጯ አብጦ ጥርሷን ያመማት ባልቴት መሰለች። እናንተ በምን ትሞሉታላችሁ? ስፕሬይ ፎም (ከቆርቆሮ ሲለቀቅ ተነፍቶ የሚደርቀው መድፈኛ) ይሻላል የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። የሞከረ አለ?

አልሙኒየም_በር · ጥቅምት 6
ወንድሜ፣ እኔ በርና መስኮት ገጣሚ ነኝ። ያ ፎም የዕለት እንጀራችን ነው። ይሠራል፣ ግን ቪዲዮው ላይ እንደሚታየው ቀላል አይደለም።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በጣም የሚነፋው ነው፣ ትልቅ ክፍተት ለመድፈን። ሌላው ለበርና ለመስኮት ተብሎ የተሠራው ነው፤ እሱ ብዙም አይነፋም። ሁለተኛውን ግዛ። የመጀመሪያው የመስኮት ፍሬም ሲያጎብጥ አይቻለሁ፣ የጎማ ጉንጭማ ምኑ ነው!

አንዴ ሞልተህ እንዳትገላገል። ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምር፣ ይረፍ፣ ከዚያ ድገም። ይሄ ፎም የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ዝግ ነገር ውስጥ አወፍረህ ከሞላኸው ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። ከቀናት በኋላ ወይ ይሰምጥብሃል ወይ እንደገና ይነፋብሃል። ጎንደር ክረምቱ ከወጣ አየሩ ደረቅ ነው። ስለዚህ በየዙሩ መሀል ውኃ እፍ እፍ አድርግበት። ልብስ ሲተኮስ የሚረጭበት ጠርሙስ ይበቃል። እርጥብ ይበል እንጂ ውኃ አይቋጥር።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ቀጭን ቱቦው ቆርቆሮ አንዴ ከተከፈተ አፉ ቶሎ ይደፈናል። ለነገ ላስቀምጠው ብትል አይሆንም። ሦስቱንም ጭንብል አዘጋጅተህ፣ ደርድረህ ነው መጀመር ያለብህ። ባለ ሽጉጡ (በመርጫ ሽጉጥ የሚለቀቀው) ለሌላ ቀን ይቀመጣል፤ ለሦስት ጭንብል ብለህ ሽጉጥ መግዛት ግን አያዋጣም። በሰፈርህ ያለ አልሙኒየም ቤት ገብተህ የተረፈ ካለ ጠይቅ።

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 6
እህትህ ነኝ 😄 በጣም አመሰግናለሁ።

አልሙኒየም_በር · ጥቅምት 6
ይቅርታ እህት ዓለም። ምክሩ አይቀየርም።

እውነቱ_ይነገር · ጥቅምት 7
44ቱ ታቦት ባለበት አገር የጠንቋይ ምስል ደረጃ ላይ ማቆም ምን ይባላል? የራሳችን በዓል አነሰን?

ጎንደሬው_በዲሲ · ጥቅምት 7
ወንድም፣ እዚህ ልጆች ከረሜላ የሚሰበስቡበት ምሽት ነው። ድሮ አየርላንድ ውስጥ ቀይ ሥር የመሰለ ሥራ ሥር ፈልፍለው መብራት ያስገቡበት ነበር፤ አሜሪካ ሲደርሱ ዱባ አገኙ፣ ዱባው ቀረ። ቡና ቤቷ ደንበኛ ልታስደስት ነው፣ ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም።

አወያይ · ጥቅምት 7
ይበቃል። በዓሉ ይከበር አይከበር የሚለው ሌላ ክር ይከፈትለት። እዚህ የምናወራው ስለ ጭንብሉ ነው።

የአዘዞ_ስፌት · ጥቅምት 7
እህቴ፣ ፎም ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ወስኚ። ጭንብሎቹን ወደፊት ሰው ያጠልቃቸዋል ወይስ ዕድሜ ልካቸውን ሐውልት ሆነው ይቀራሉ? ፎም ጎማው ላይ አንዴ ከተጣበቀ አይለቅም። ላውጣው ብትዪ ጎማው አብሮ ይቀደዳል።

እኔ ለልጆች ድራማ ልብስ እሰፋለሁ። የምሞላው በጨርቅ ነው። ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ ውስጠኛ ራስ እሰፋለታለሁ፣ ከረጢት ነገር። ጭንብሉን አለብሰዋለሁ። ከዚያ በአንገቱ በኩል የትራስ ፋይበርና የፍራሽ ስፖንጅ ቁርጥራጭ እከትበታለሁ። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ አገጭ፣ ቀጥሎ የቅንድብ አጥንት። እነዚህን ከረጢቱ ሳይገባ በፊት፣ በትንንሽ ጉርድ፣ በማማሰያ እጀታ እየገፋሽ ጠቅጥቂያቸው። ጉንጩን ተይው። ጋዜጣው ያሳበጠብሽ ከመሀል ስለጀመርሽ ነው። ከመሀል የተጀመረ ነገር ወደ ጉንጭ ይገፋል፣ አፍንጫው ባዶ ይቀራል።

የፍራሽ ቤቶች ቁርጥራጩን በማዳበሪያ ይሸጡታል፤ ውድ አይደለም።

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 7
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የወንድሜ ልጅ ተኩላውን ካላጠለቅኩ ብሎ እያለቀሰ ነው። እንግዲህ ተኩላው በጨርቅ ይሞላ። ጠንቋይዋና ራስ ቅሉ ግን ቋሚ ይሁኑ።

ጎንደሬው_በዲሲ · ጥቅምት 7
ከመሙላትሽ በፊት መጀመሪያ እጥፋቱን አቃኚው። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ራቅ አድርገሽ፣ እያንቀሳቀስሽ። ወይም ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሪው። ላቴክስ (የጭንብሉ ጎማ) ሲሞቅ ይለሰልስና ወደ ድሮ ቅርጹ ይመለሳል። እንደሞቀ ጨርቅ ጠቅጥቂበትና ይቀዝቅዝ። ግማሹ ችግርሽ እዚያው ያልቃል። ተጨፍልቆ ሳለ ከሞላሽው ግን ጭፍልቁን ነው የምታደርቂው።

እዚህ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ለሚጠለቅ ጭንብል ፎም አይነኩም። ለሚቆም ብቻ ነው።

ኬሚስትሪ_9ኛ · ጥቅምት 8
ሰላም። አስተማሪ ነኝ፤ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጣል።

ጎማው ላቴክስ ከሆነ ከዛፍ የሚገኝ ተፈጥሯዊ ላስቲክ ነው። ዘይት ጠላቱ ነው። ፎሙ እንዳይጣበቅ ብላችሁ ቫዝሊን፣ ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት እንዳትቀቡት። ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ይቀደዳል። የሕፃን ፓውደር ግን ችግር የለውም። የመዳብ ሽቦም ከላቴክስ ጋር አይስማማም፣ ከጊዜ በኋላ ያበላሸዋል። አካሉን ስትሠሩ የብረት ሽቦ ተጠቀሙ፣ ጫፉንም በፕላስተር ጠቅልሉ።

ፎሙ እንዳይጣበቅ የሚፈልግ ካለ መላው ፌስታል ነው። ተራው ቀጭን ፌስታል ፖሊኤቲሊን ስለሆነ ፎም ብዙም አይይዘውም። ጭንብሉን በፌስታል ገብሮ ፎሙን እዚያ ውስጥ መሙላት ይቻላል። ሲደርቅ ራሱን የቻለ የፎም ራስ ይወጣል፣ ጭንብሉም ይተርፋል። ጉዳቱ፣ ፌስታሉ ይጨማደድና ጠባብ ቦታ ላይ አይደርስም፤ አፍንጫው ጫፍ ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ፎሙ ሳይደርቅ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት። ሳንባን ያስቆጣል፣ አስም ያለበት ሰው አጠገቡ አይድረስ። ደጅ ሥሩ፣ ጓንት አድርጉ። እጅ ላይ ከነካ ወዲያው በጨርቅ ጥረጉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን እርጥቡን ከዕቃ ላይ ያነሳል፤ ከደረቀ በኋላ ግን መፋቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ሦስተኛ፣ ይሄን ለቡና ቤት ስለሆነ ነው የምለው። ከቆርቆሮው ከፎሙ ጋር የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። የቡናው ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል እንዳትሠሩ። የደረቀው ፎምም ይነዳል። ጠንቋይዋ አጠገብ ሻማም ጧፍም አይኑር፤ ባትሪ መብራት ተጠቀሙ።

አልሙኒየም_በር · ጥቅምት 8
መምህር ልክ ነህ። እኛ ጓንት ሳናደርግ እየሠራን ነው እጃችን እንዲህ የሆነው።

ጋሼ_መድረክ · ጥቅምት 8
ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ መሙላት ታወራላችሁ። እኔ በኪነት ዘመን የመድረክ ዕቃ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጭንብል አይሞላም፣ ይደገፋል። ሰው ፊት ላይ ያለው ቅርጽ ከቆዳው ሥር ካለው አጥንት የመጣ ነው። ለጎማውም አጥንት አብጁለት፣ ውስጡ ባዶ ይሁን።

የእኔ ዘዴ ወረቀት ነው። ጋዜጣ በእጅ ይቀደዳል፤ በመቀስ አይቆረጥም፣ የተቀደደ ጠርዝ ነው አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቶ የሚያያዝ። ኮላ በውኃ ይቀጥናል። ወረቀቱ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ በጭንብሉ ውስጥ ገጽ ላይ ይለጠፋል። አፍንጫው ውስጥ ትንንሽ ቁራጭ፣ ግንባሩ ላይ ሰፋፊ። ሦስት አራት ድርብ ይበቃል። በየድርቡ መሀል መድረቅ አለበት፤ ጎማው አየር ስለማያሳልፍ ወረቀቱ የሚደርቀው በአንገቱ ቀዳዳ በኩል ብቻ ነው። አትቸኩሉ። የዱቄት ሙጫ አትጠቀሙ። ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል።

ሲያልቅ ቀላል ነው፣ ነፋስ አያጎብጠውም፣ ውስጡ መብራት ይገባል። ፎም የሞላችሁበት ራስ ውስጥ መብራት የት ልታስገቡ ነው?

ጄሶ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ሲጠነክር ይግላል፣ ክብደቱም ገና ሳይጠነክር ጎማውን ወደ ታች ይጎትተዋል። አገጯ ደረቷ ላይ ይደርሳል።

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 8
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ወረቀቱን ስለጥፍ ጎማው ራሱ ከእጄ ሥር እየሸሸ፣ እየተጣመመ አስቸግሮኛል። ከውጭ ምን ይያዘው?

ጋሼ_መድረክ · ጥቅምት 9
ጎበዝ፣ ዋናውን ጠየቅሽ። ከውስጥ የምትሠሪው ነገር የሚያምረው ከውጭ የያዘው ነገር ካለ ነው። ፎምም ቢሆን ወረቀትም ቢሆን ለሁለቱም ይሠራል።

ሰፊ ሳፋ ውሰጂ። ጭንብሉን ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ አስተኚው። ዙሪያውን ደረቅ ነገር እያፈሰስሽ፣ በእጅሽ ከአፍንጫው ሥር፣ ከጉንጩ ጎን እያስገባሽ ደግፊው። ጎማው ሳይወጠር፣ ሳይጨፈለቅ፣ እንዲሁ ተንሳፍፎ እንዲተኛ። እኔ ጤፍ እጠቀም ነበር። ደቃቅ ስለሆነ የሽብሽቡን ቅርጽ ሁሉ ይይዛል።

አልሙኒየም_በር · ጥቅምት 9
ጋሼ፣ በዛሬው የጤፍ ዋጋ? 😂 ጠንቋይዋን ሸጠንም አንገዛው!

የአዘዞ_ስፌት · ጥቅምት 9
ጤፍ ላይ ጠንቋይ ካስተኛሁ እናቴ ከቤት ታስወጣኛለች።

ጋሼ_መድረክ · ጥቅምት 9
ሳቁ እንጂ። ዘመኑን እኔም አውቃለሁ። እንግዲያው ሰጋቱራ ይሁን። አናጢ ቤት በነፃ ትሞሉታላችሁ። አሸዋም ይሆናል፣ ግን ወንፉት፤ ጠጠር ካለው ጎማው ላይ ጉድጓድ ያወጣል።

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 12
ሰላም፣ ወሬ ይዤ መጣሁ። ራስ ቅሉን ሰጋቱራ ላይ አስተኝተን ብዙ በማይነፋው ፎም ሞላነው። ጥርሱና ግንባሩ ቁጭ ብሏል። የዓይኑን ቀዳዳ ከውስጥ በፕላስተር ዘጋነው፤ እህቴ ነች ያሰበችው፣ ያለዚያ ፎሙ በዓይኑ ይፈስ ነበር። ከደረቀ በኋላ ፕላስተሩን አንስተን በቢላ ትንሽ ገባ አድርገን ፈለፈልነው። ጥቁር ስንቀባው ጥልቅ ሆኖ ያስፈራል።

ጠንቋይዋን እንደ ጋሼ ምክር በወረቀት ጀምረናል። አፍንጫዋ ግን ረጅምና ቆልማማ ስለሆነ ጣቴ ጫፉ ድረስ አይገባም። ተኩላው ጆሮ ላይም ያው ነው፤ ጫፉ ይታጠፋል።

አልሙኒየም_በር · ጥቅምት 12
አፍንጫዋ ላይ ብቻ ፎም ተጠቀሚ። ጫፉ ላይ በመርፌ አንዲት ቀዳዳ ውጊ፤ አየሩ መውጫ ካጣ ፎሙ ጫፍ አይደርስም። የቆርቆሮውን ቱቦ እስከ ውስጥ አስገቢና እየሳብሽ ልቀቂ። ትንሽ ብቻ። ግማሹን ሞልተሽ ተዪው፣ ቀሪውን ራሱ ተነፍቶ ይሞላዋል። የተቀረውን ፊት በወረቀት ቀጥዪ።

ማታ ደጅ እንዳታሳድሪው። የጥቅምት ብርድ ነው፣ ፎም በብርድ መድረቅ ይሰንፋል።

የአዘዞ_ስፌት · ጥቅምት 12
ለተኩላው ጆሮ ፎም አያስፈልግም። ልጅ የሚያጠልቀው ስለሆነ ጠንካራ ነገር አይግባበት። ከስስ ስፖንጅ ሦስት ማዕዘን ቁረጪ፣ በፓውደር ነስንሺው፣ በእስክሪብቶ ጀርባ ግፊው። ጆሮው ቀጥ ይላል። ልጁ ሲያጠልቅ ቆዳው ካሳከከው ወይም ከቀላ ወዲያው አውልቁለት፤ ላቴክስ የማይስማማው ሰው አለ።

ጋሼ_መድረክ · ጥቅምት 13
ጠንቋይዋን ደረጃው ላይ እንዴት ልታቆሟት ነው? ፊት ለፊት እንዳይሆን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ሥዕሎቹን እዩ። ጣራው ላይ ያሉት መላእክት በሙሉ ፊታቸው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያዩዋችኋል። በቀድሞ ሥዕሎቻችን ክፉውን ሰው ግን በጎን ነው የሚስሉት፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። ጠንቋይዋንም በጎኗ አቁሟት። ያን ያህል የለፋችሁበት አፍንጫ የሚታየው በጎን ነው። ፊት ለፊት ካቆማችኋት ልፋታችሁ ሁሉ ጠፋ።

ዓይኗን ከፒንግፖንግ ኳስ ሥሩ። ብሌኑን መሀል ላይ አትሳሉት። ወደ ደረጃው አፍ፣ ወደሚወጣው ሰው ትንሽ ዞር ይበል።

እውነቱ_ይነገር · ጥቅምት 13
ይሄን እንኳ ጥሩ ተናገሩ ጋሼ። የሥዕሉን ነገር ማለቴ ነው።

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 16
አሁን ወደ አካል። ለጠንቋይዋ የአናጢ ጣውላ መስቀለኛ፣ ላዩ ላይ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ፣ ከዚያ የአያቴ የድሮ ጥቁር ነጠላ። ራሷ ወረቀት ስለሆነ ቀላል ነው። ራስ ቅሉ ግን ፎም ሆኖ ውስጡ ደፍን ነው፤ በምን ላያይዘው?

አልሙኒየም_በር · ጥቅምት 16
ከመሙላትሽ በፊት መሀሉ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ ፌስታል ጠቅልለሽ ማቆም ነበር፤ ሲደርቅ ቱቦው ተስቦ ይወጣል፣ መሰኪያ ጉድጓድ ይቀራል። አሁንም ችግር የለም። ፎም እንጨት አይደለም፣ በረጅም ቢላ ቀዳዳ ይወጣለታል። ከዱላው ትንሽ ጠበብ አድርጊው። የላላ ከሆነ ራሱ ይዞራል፣ እንግዳው ሲገባ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል።

ጭዱን ከመብራት ገመድ አርቂ። እግሩ ሥር ደግሞ በአሸዋ የተሞላ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ እሰሪ። ማራኪ ከሰዓት በኋላ ነፋሱን ታውቂዋለሽ።

ጎንደሬው_በዲሲ · ጥቅምት 16
ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አታቁሟቸው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። ላቴክስ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል፣ ያልተቀባ ፎምም ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። የሚታየውን ፎም ሁሉ ቀለም ቀቡት። ተኩላውን ከምሽቱ በኋላ ላቡን ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፓውደር ነስንሳችሁ፣ ስፖንጁ ውስጡ እንዳለ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ዳግመኛ ሻንጣ ውስጥ አጥፋችሁ እንዳታስገቡት!

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 22
አለፈ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሰው ጠንቋይዋ አጠገብ ሲደርስ ጎኑን ሰጥቶ ነበር የሚያልፈው። መብራት መሀል ላይ ጠፋ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለችው የባትሪ መብራት ብቻ ቀረች፣ ሁለት ልጆች ጮኸው ወረዱ። ከዚህ በላይ አልጠበቅንም። ራስ ቅሉ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር፣ ጉድጓዱን በሰፊው ቆርጠነው ነው መሰለኝ።

የአዘዞ_ስፌት · ጥቅምት 22
እንኳን ደስ አላችሁ። ተኩላውን ልጁ ከጠገበው አውሺኝ። ለኅዳር የልጆች ድራማ ጅብ ያስፈልገኛል። ጆሮውን ከውስጥ በክብ ስፖንጅ ማጠጋጋት፣ አንገቱ ላይ ጋማ መስፋት ብቻ ነው።

ቡና_በማራኪ · ጥቅምት 22
ገና አልጠገበውም፣ አጥልቆት ነው ምሳ የበላው። እሑድ ነይና ቡና ጠጥተሽ አንቺው ጠይቂው።